ጎጆ የወጣው ባልደረባዬ

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን፣ አስተናጋጇ ስኳር ስታቀርብልን ባልደረባዬ መዳፉን ማኪያቶው ላይ ከደነበት። «ተዪው እህቴ፤ ተራራ ላይ ስኳር የለም» አላት። ልጅቷ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ምን ልበላት? ሰውየው ጓሳ ላይ ሦስት ሌሊት አድሮ መምጣቱን ከየት ታውቃለች?

ባለፈው ሳምንት «ጎጆ ልወጣ ነው» ሲለን ቢሮው በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ነበር። ጸሐፊያችንማ እልልታዋን አቀለጠችው። ለካ ጎጆ የሚወጣው ለሦስት ሌሊት ነው፤ ሙሽራዋም የመንዝ ተራራ ናት። ማረፊያው ቀላል ነው አሉ፦ አልጋና ጣሪያ አለው፣ ስንቅ ግን ከቤት ይያዛል። ጠዋት ተነሥቶ በእግር ነው፤ ጭላዳ ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያደባ ታይቶ ማታ ወደ ጎጆ ይመለሳሉ። በዚህ አልጣላውም። ቢጋብዘኝ እኔም እሄድ ነበር። አልጋበዘኝም እንጂ።

የምጣላው ከተመለሰ ወዲህ ባለው ነገር ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ «እግር የተፈጠረው ለመራመድ ነው» ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ «ይህን ጸጥታ ስሙት!» ይለናል፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ጆሯችንን እየበጠሰው። ትናንት በስልክ አግኝቶኝ፣ እኔ በሰፈራችን ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ መሆኑን ስነግረው፣ «በአንድ ጆግ ውኃ መታጠብ እንዴት ነፍስን እንደሚያቀል አታውቅም» አለኝ። አላውቅም? ከእኔ በላይ ያለችው ጎረቤቴ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሃያ ሊትር ጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ታወጣለች። ደረጃው ላይ ቆማ ስትተነፍስ አልፌያት ወርጃለሁ፣ አግዣትም ወጥቻለሁ። ነፍሷ ሲቀልላት አንድ ቀን አላየሁም። ፎቶ ያነሣትም የለም።

እንዲያውም ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ሰው ከተራራ ሲወርድ አይደለም እንዴ? አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ነበሩ። ብርዱ፣ ንፋሱ፣ የማገዶው እጥረት አስመረራቸውና፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉ። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር እጅ እነሣቸዋለሁ። ሞቅ ያለ ውኃ አይተው ተራራውን የተዉ አስተዋይ ሴት ናቸው። የእኔ ባልደረባ ግን እሳቸው በቆረቆሩት ከተማ ተቀምጦ፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከፍሎ ይበርደዋል።

ብርድ ካልኩ ዘንድ ጋቢዬን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አያቴ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለዋን ተረት ስትወዳት ለጉድ ነበር፤ እኔም ከእሷ ወርሼ እወዳታለሁ። ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችልኝን ባለ አራት እጥፍ ጋቢ ይህ ሰው ሊሄድ ሲል ተዋሰኝ። ከዚያ ፎቶው መጣ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፣ ከኋላው ጅብራ ተገትሯል፣ ጋቢዬን እስከ አገጩ ተከናንቧል። ምን ልበል፣ ደምቋል! እንደዚያ ደምቆ አይቼው አላውቅም። አያቴ ይህን ሳታይ ማረፏ ደግ ሆነ።

ደግሞስ ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ ጋቢ ይዋሳል? መንዝ እኮ የበግ ጠጉር አገር ነው! በርኖሱ፣ ባናው የሚሠራው እዚያ ነው። አንዱን ገዝቶ ቢለብስ ሸማኔውም ይጠቀም፣ እኔም ከብርድ እድን ነበር። «ክብደት ላለመጨመር ነው» አለኝ። የእኔ ጋቢ ክብደት የለውም ማለት ነው?

እሱ ራሱ ካወራልን ሁሉ ልቤን የነካው የሣሩ ነገር ነው። የመንዝ ሰዎች ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ይጠብቁታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት በተወሰነለት ጊዜ ታጭዶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። ከዚያ ውጭ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። ይህን ሲተርክልን በአድናቆት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የሰው ንብረት በጊዜው መመለስ እንዳለበት ከዚህ ትምህርት ይወስዳል ብዬ አፍ አፉን አየሁት። ወሬውን ወደ ጭላዳ አዞረው።

ዛሬ ግን አልታገሥኩም። ማኪያቶው ላይ መዳፉን እንደከደነ «ጋቢዬስ?» አልኩት።

«ጋቢው» አለና ዝም አለ። «ጋቢው ጢስ ጢስ ስለሸተተ ለአጣቢ ሰጥቼዋለሁ። ደግሞ በሚቀጥለው ወር ስሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ታውቃለህ አይደል? እዚያ ያለ ጋቢ...»

እንዲህ እያለ መዳፉን አንሥቶ ስኳር ጨመረ። ሁለት ማንኪያ። ሦስተኛውን ሲያነሣ አስተናጋጇ እንደገና እኔን አየችኝ።