ለክቡር «ጠጋ ጠጋ በሉ»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሥልጣንዎ ከስበት ሕግ ጋር እንዲጣጣም ስለመጠየቅ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በሚወርደው ሚኒባስ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ በተሳፈርኩ ቁጥር ከረዳቱ አፍ የምሰማዎት ክቡርነትዎ፣ ሁለት አካላትን የማቀራረብ ሥልጣን ከማን እንዳገኙ ለመጠየቅ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ እስካሁን ግን ታክሲ ተራ ያልደረሰው ሕግ፣ ሁለት አካላት የሚሳሳቡበት ኃይል በመጠነ ቁሳቸው ብዜት ልክ እንደሚያድግ፣ ርቀታቸው እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ ሩብ እንደሚወርድ ይደነግጋል። በዚሁ መሠረት 60 ኪሎ የምመዝነው እኔና 90 ኪሎ የሚሆኑት ጎረቤቴ ከመሐል እስከ መሐል በግማሽ ሜትር ብንራራቅ፣ የምንሳሳብበት ኃይል ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት ያነሰ ነው። በትእዛዝዎ ወደ ሩብ ሜትር ስንጠጋ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱም እንጀራ ቀርቶ ለጉርሻ የማይበቃ ጤፍ ነው። ስለዚህ የጎረቤቴን ክርን ከጎድኔ ጋር ያጣበቀው ስበት ሳይሆን እርስዎ መሆንዎ ይታወቅልኝ።

ጎረቤቴ የወንበሬን ግማሽ የወሰዱት በክብደታቸው ብልጫ መብት ያገኙ መስሏቸው ከሆነም ተሳስተዋል፤ እሳቸው እኔን በሚስቡበት ኃይል ልክ እኔም እሳቸውን እስባለሁና፣ ስበቱ እንደ ታሪፉ እኩል ነው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ካቨንዲሽ ይህን ኢምንት ኃይል ለመለካት (ውጤቱን ያሳወቀው በ1798 እ.ኤ.አ. ነው) እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ሁለት የእርሳስ ብረት ኳሶች አስፈልገውት ነበር፤ የአየር እንቅስቃሴ ሚዛኑን እንዳያውክበትም ክፍሉን ዘግቶ ከውጭ በቴሌስኮፕ ይመለከት ነበር። ነፋስ በመፍራት ከእኛ ተሳፋሪዎች ጋር ይግባባ ነበር፤ ልዩነቱ፣ እሱ ከዘጋው በኋላ ውስጥ አለመቀመጡ ነው።

መሬት በበኩሏ በዚያ ሁሉ መጠነ ቁሷ እኔን ብቻ በ590 ኒውተን ገደማ (ኒውተን እዚህ የኃይል መለኪያ ነው) ትስበኛለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ፊት ለፊቴ ባለው ወንበር ጉልበቴን ስታስመታኝም አልከሳትም። አንድም ቀን «ጠጋ በል» ብላኝ አታውቅም።

ከሰላምታ ጋር፣
በከፊል የተቀመጠ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለ90 ኪሎው ጎረቤቴ (በእጅ የሚሰጥ፣ እጄ ሲላቀቅ)