መጥፎ ሐሳብ መጣ ማለት እምነት ጎደለ ማለት አይደለም

ወገኖቼ፣ ከግሸን ንግሥ ወዲህ «ክርስቲያን ሆኖ መጥፎ ሐሳብ የሚያስጨንቀው እምነቱ ቢጎድል ነው» የሚል አስተያየት በእኛ በደሴ ልጆች መካከል እየዞረ ነው። በቅንነት እንደተጻፈ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። 1ኛ ነገሥት 19ን ከቁጥር 4 ጀምራችሁ እዩት። ያ በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ያስወረደው ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ እምነትህ ጎድሏል አላለውም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነው ያቀረበለት፣ እሱም በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። እንዲህ ያለ አስተያየት ያነበበ የተጨነቀ ሰው ግን ያፍራል፣ ለንስሐ አባቱም ለእናቱም ሳይተነፍስ ብቻውን ይብሰለሰላል፣ አንዳንዱም የሐኪም መድኃኒቱን ጥሎ ጠበል ይገባል። ጠበሉ መድኃኒት አቁሙ አይልም። ያቋረጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።