ለልምምድ የሚመጡ የውጭ ተማሪዎች መጀመሪያ ሰዓታችንን ይማሩ

ለልምምድ ባሕር ዳር የሚመጣ የውጭ አገር የጤና ተማሪ "ባህላችንን ይወቅ" ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ቡና፣ የጣና ገዳማትና ጢስ ዓባይ ነው። ደስ ይላል፤ ዋርድ (ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያደናግረው ሰዓት ነው።

በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ላይ ሊውል ይችላል። ነርሷ "8" ብቻ ብላ ብትጽፍ እንግዳው በለመደው ሰዓት ያነበዋል፤ ያ ለእኛ ጠዋት 2 ነው። 12 ሰዓት ላይ የተወጋ ሕመምተኛ በሁለት ሰዓቱ ሊደገምበት ነው። "ቀን 8 (14:00)" ተብሎ በሁለቱም ይጻፍ።

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠርበት የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀንም እንዲሁ ነው። እናት "መስከረም 1" ስትል ሴፕቴምበር 1 ብሎ የመዘገበ ተማሪ እርግዝናውን ቢያንስ በ10 ቀን ያስረጀዋል። እዚህ ላይ አስተማሪዋ የእኛዋ የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት) ተማሪ ናት፦ የመውለጃውን ቀን ለማወቅ በዚያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ትደምራለች፤ መሐል ላይ ጳጉሜ ከገባች 10ሩ 5 ይሆናል፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 4። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ የእርግዝናው 280 ቀን ልክ ይመጣል። በዚህ ስሌት መስከረም 1 ያለችው እናት ሰኔ 11 ትጠበቃለች።

የተለያየ ሙያ ተማሪዎች መማማር ማለት ይህ ነው፤ ለአካባቢያችንም አዲስ አይደለም። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን (የአካባቢ ንጽህና) ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር።

የሚከፋኝ የነርሲንግ ተማሪዋ አስተርጓሚ ብቻ ሆና ስትቀር ነው። ሕመምተኛው ብዙ ያወራል፤ ትርጉሙ "ሆዱን ያመዋል" ሆኖ ይወጣል። ከቀረው ውስጥ ጸበል ሲጀምር ክኒኑን ማቆሙ ሊኖር ይችላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር በተባለ ቁጥር ይተርጎም፤ እንግዳውም ፊቱን ወደ ሕመምተኛው ያዙር። "ገባዎት?" አይባል፤ ሰው በይሉኝታ "አዎ" ይላል። (አንዳንዱ አዎታውን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ ነው የሚገልጸው፤ እንግዳው የመተንፈስ ችግር ብሎ እንዳይመዘግበው።) "ቤትዎ ሲገቡ መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?" ብሎ ማስደገም ይሻላል።

የባሕር ዳሮቹ ሆስፒታሎች ጥበበ ግዮንም ሆነ ፈለገ ሕይወት ለአንድ እንግዳ ከነርሲንግ፣ ከሚድዋይፈሪ፣ ከፋርማሲና ከላቦራቶሪ አንድ አንድ ተማሪ ቢያጣምሩና ሦስት ሕመምተኛ ቢሰጧቸው ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከምግብ ጋር የሚወስደውን ክኒን ሰዓት የፋርማሲው ተማሪ ያስተካክል። በራውንድ (ሕመምተኞች በየአልጋቸው ሲጎበኙ) ላይም የነርሲንግ ተማሪዋ ከሕክምና ተማሪው በፊት ትናገር።