አቦ፣ ውሃ አታጠጡት!

የድሬ ሰው የማይችለው አንድ ነገር አለ። ዝም ብሎ መተው አይችልም። ብርጭቆህ ከጎደለ ይሞላዋል። ሙሉ ከሆነ ደግሞ «ምነው አልጠጣህም? ተቀይመኸናል?» ይልሃል። «ጠግቤያለሁ» ማለት ድሬ ላይ መልስ አይደለም፤ የክርክር መጀመሪያ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ኦርኪድ የሚባለውን አበባ አሳድጋለሁ ብሎ መነሳት ድፍረት ይጠይቃል። ኦርኪድ ከሰው የሚፈልገው ትልቁ ውለታ ረስተኸው እንድትሄድ ነውና።

ከዚራ፣ እኛ ግቢ፣ ይህን ድፍረት ያገኘ አንድ የባቡር ጡረተኛ አለ። (አለ ያልኩት ንቄው አይደለም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ እሱም አንቱ ሲሉት «ምን አደረግኳችሁ?» ይላል።) ሲያወራ ፈረንሳይኛ ጣል ስለሚያደርግ ሰፈሩ «ሙሴ» ይለዋል። አበባው ከመጣ ወዲህ «ሙሴ ኦርኪድ» ሆኗል።

ኦርኪዱን ያመጣችለት ከውጭ የመጣች የእህቱ ልጅ ናት። ኦርኪድ ከአገር አገር ሲሻገር ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል፤ እንደ ዓይነቱ ወረቀት ይጠየቅበታል። ሙሴ ይህን በርጫ ላይ ሲያስረዳ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቴሌቪዥንና ፓስታ ያለ ወረቀት ሲገባ ያየ ከተማ ውስጥ ለአበባ ወረቀት!

ስሙ ፋላኖፕሲስ ነው። ድሬ አፍ ላይ ብዙ አልቆየም፤ «ፋሎ» ሆኖ ቀረ። የዘመዶቹ አገር ደቡብ ምሥራቅ እስያና አካባቢው ነው፤ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ታይዋን። ታይዋን ሲባል ሁሉም ቀና አለ። «እዚሁ ታይዋን?» አለ አንዱ። ለድሬ ሰው ታይዋን ማለት ከሞባይል እስከ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ሙሴ ሌላኛዋ ታይዋን ፋላኖፕሲስ አብቅታ ለዓለም በመላክ የታወቀች እንደሆነች ለማስረዳት ሞከረ። ማንም አላመነውም።

ቤቱ ሲገባ የጠበቀችው ሚስቱ ናት።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም።»

«እሺ፣ ጥሩ ሽታ አለው?»

«ይሄኛው ሽታ የለውም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ያብባል።»

«መቼ?»

«በዓመት አንዴ።»

ሴትዮዋ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። አንዴ ሙሴን፣ አንዴ ፋሎን አየችና ወደ ማድቤት ገባች።

ሙሴ ግን በቀላሉ አይረታም። ቡና በተፈላ ቁጥር የኦርኪድን ዘር ማንዘር ይቆጥራል። ኬክ ላይ የሚገባው ቫኒላ የኦርኪድ ፍሬ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። የቫኒላን አበባ በእጅ የማዳቀሉን ቀላል ዘዴ በ1841 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሬዩኒየን ደሴት ላይ በባርነት የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነው ይላል፤ ይሄም እውነት ነው። ዛሬም ቫኒላ አምራቾች አበባውን በእጅ የሚያዳቅሉት በዚያ ልጅ ዘዴ ነው። ሚስቱ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እንግዲያው ለምን ቫኒላውን አላመጣችልንም?» አለች። ፍርድ ስጥ ብባል እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ከሁሉ የከበደው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። የድሬን የቧንቧ ውሃ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ካላችሁ ማንቆርቆሪያችንን ከፍታችሁ ታቹ ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር እዩት። ኦርኪድ ይሄ አይስማማውም። ዝናብ የለመደ ነው። ዝናብ ደግሞ ድሬ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ፋሎ ሃይላንድ ይጠጣል። የታሸገ። ሚስቱ ይህን ያወቀች ቀን ድምጿ እስከ መንገዱ ተሰማ። «እኔ ስወልድም ሳሳድግም የቧንቧ ስጠጣ የኖርኩ፣ ይሄ ምን ወልዶ ነው ሃይላንድ የሚጠጣው?» ሙሴ ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

በዚህ ላይ አፈር የለውም። ፋሎ በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚኖር ነው። እኛ አገር ደን ውስጥም እንዲህ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች አሉ። ከዛፉ ግን ምንም አይቀሙም። አንድ ሰው «ጥገኛ ነው» ብሎ ሲያማው ሙሴ ክፉኛ ይቆጣል። «ጥገኛ አይደለም! ቦታ ብቻ ነው የያዘው!» እኛ ግቢ ውስጥ ቦታ ብቻ ይዘው ዓመታት ያስቆጠሩ ዘመዶች ስላሉ ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል። ባላነሳው ይሻላል።

አፈር ስለሌለው ሙሴ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ዕቃ አመጣና የዛፍ ቅርፊትና የከሰል ስብርባሪ ሞላበት፤ ሥሩ አየር እንዲያገኝ። ጎረቤታችን እማማ መጀመሪያ ያሳፈራት የዕቃው ነገር ነበር። «ሥሩን ሁሉ እኮ ያሳያል፤ ኧረ የሆነ ነገር አልብሱት» አለች። ቀጥሎ ከሰሉን አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕጣን ማጨስ ስትፈልግና ከሰል ሲያልቅባት ፋሎ ጋ ጎራ ትላለች። ሙሴ ሲደርስባት ምንም አልደነገጠችም። «ለአበባ ከሰል የተረፈው ቤት ለጎረቤት አይነፍግም ብዬ ነው።»

መጠማቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሥሩ ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ነው። ውሃ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። ሙሴ ግራጫ ሲሆን ብቻ ያጠጣዋል፤ ከዚያ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ለግቢው ሁሉ አስረድቷል። ሁሉም ገብቶታል። እማማ ጠዋት ለጸሎት ስትነሳ አንድ ኩባያ ታጠጣዋለች። የሱቁ ልጅ ቀትር ላይ «ሙቀቱ ጨረሰው፣ ምስኪን» ብሎ ይጨምርለታል። ዘበኛው ማታ ለውዱ ካስቀመጠው ሲተርፍ ያፈስለታል። አንዱ የአንዱን አያውቅም። ደግ ሥራ አይወራማ።

የመጀመሪያው ፋሎ በዚህ ሁኔታ አለፈ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ፣ ሲጫኑት ይፈርጥ ነበር። ሐዘኑ ላይ የገደሉት ሁሉ ተገኝተዋል። እማማ «ውሃ ጠምቶት ነው፤ እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለች።

የእህቱ ልጅ ሁለተኛውን ስትልክለት ሙሴ ማስታወቂያ ጻፈ። «ውሃ አታጠጡ» ይላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ከታች በፈረንሳይኛም ጨምሮበታል፤ እሷን የሚያነባት እሱ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ነገሩ ባሰ። ድሮ ፋሎን ልብ ያላለው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያነብና ሆዱ ይባባል። «እንዴ! ውሃ ከልክሎት?» ከዚያ ግራ ቀኝ ያይና የያዘውን ያፈስለታል። አንድ ቀን ሚሪንዳ ሁሉ ተገኝቶበታል።

ሁለተኛው ፋሎ እንደምንም ተርፎ ቅጠል አወጣ። አበባ ግን እምቢ አለ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ፋላኖፕሲስ የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ አየር ማግኘት አለበት። ሙቀቱ 28 ዲግሪን አልፎ ከሰነበተ ቅጠሉን ይዞ ይቀመጣል። የድሬን ግንቦትና ሰኔ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ሙሴ ታዲያ በጥቅምት ፋሎን ሐረር እህቱ ጋ ወሰደው። ሐረር ቅርብ ናት፤ ግን ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ እሷ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ የሁለት ሰው ሂሳብ ከፍሎ፣ ፋሎን መሃል አስቀምጦ፣ ደንገጎን ሲወጡ ነጠላ አልብሶት ሄደ። ረዳቱ «ይሄ የት ነው የሚወርደው?» ብሎ ጠይቋል አሉ።

የሐረር እህት ደግሞ በደግነት በድሬ ሰው የምትበለጥ አይደለችም። ፋሎን አየችና «ድሬ ምን ያበላሃል!» ብላ ወተት አጠጣችው። ሙሴ ይህን በስልክ ሲሰማ በማግስቱ ሄዶ አወረደው።

ደግነቱ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ገባ። ድሬ ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ከተማው ጃኬት ይለብሳል። «ብርዱ ፈጀን» ይባላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢሰማን ይስቅብናል፤ ይሳቅ፣ ብርድ የሚለካው በለመዱት ነው። ሁሉ ሰው መስኮት ሲዘጋ ሙሴ ከፈተ። ሚስቱ ሻርፕ ተጠምጥማ «ለእሱ አበባ፣ ለእኔ ጉንፋን» እያለች ከረመች። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከቅጠሉ ሥር አንድ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ ግቢው ለሁለት ተከፈለ። ሥር ነው ወይስ የአበባ ዘንግ? መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሥር ከሆነ ጫፉ ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፤ ዘንግ ከሆነ ሾጠጥ ይልና ወደ ብርሃኑ ያቀናል። በርጫ ላይ ዙርባ ጫት ተወራርደው በባትሪ ሊያዩት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ምርቃናው ሲጠነክር ፋሎ በዚያው ሌሊት ሲረዝም አይተናል አሉ። ዘንግ ሆኖ ተገኘ። «ሥር ነው» ብሎ የተረታው ሰውዬ ሙሴን እስከ ዛሬ አኩርፎታል።

በጥር እንቡጦቹ ተደረደሩ። ሰባት ነበሩ። ወሬው ሳቢያን ደረሰ፤ መጋላ ደረሰ። ሰው ባዶ እጁን አይመጣም መቼም። ሙዝ ይዘው መጡ፤ ፓፓያ ይዘው መጡ፤ በላስቲክ ሙሉ ፋሎ እግር ሥር ደረደሩት። እማማ ዓይን እንዳይበላው ብላ ዕጣኑን አመጣች፤ በፋሎ ከሰል። ቡና እዚያው ተፈላ። ለሙሽራ የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። የበሰለ ሙዝ ግን ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ፍሬን የሚያበስለው ይሄው ጋዝ የኦርኪድን እንቡጥ ያረግፈዋል። የከሰል ጭስ ውስጥም አለ። ሰኞ ጠዋት አራቱ እንቡጦች ቢጫ ሆነው ወለሉ ላይ ተገኙ።

ሙሴ ስለ ኢትሊን መናገር ሲጀምር እማማ አቋረጠችው። «ዓይን ነው። ብዬ አልነበር? ዕጣኑ አነሰ።» ሙዙን ደግሞ ልጆቹ በሉት።

የቀሩት ሦስቱ ግን ፈነዱ። ነጭ ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ትንሽ ወይንጠጅ ጣል ያለባቸው። ቆንጆ ነው፤ ይሄን አልክድም። ሚስቱ ሳትቀር ማንም የሌለ ሲመስላት ወንበሯን ወደዚያ ጠጋ ታደርጋለች። ችግሩ አለመርገፉ ነው። የፋላኖፕሲስ አበባ ሁለት ወር፣ አንዳንዴ ሦስት ይቆያል። ድሬ ደግሞ እንዲህ የሚቆይ ነገር አታምንም። በመጀመሪያው ወር ሰው «ያምራል» አለ። በሁለተኛው «ፕላስቲክ ነው» ማለት ተጀመረ። ገብቶ በጥፍሩ ያልሞከረው የለም። አንዷ ጎረቤት ጭራሽ ከታይዋን፣ ከእዚሁ ታይዋን፣ የፕላስቲኩን ገዝታ መስኮቷ ላይ ሰቀለች። አሁን የሙሴን እንግዶች የሚያስደምመው እሱ ነው። የእውነተኛውን ደግሞ «ይሄኛውስ ስንት ተገዛ?» ይሉታል።

ከዚያ የግንጣይ ጥያቄ መጣ። አበባ ያለው ሰው ግንጣይ አይከለክልም፤ ይሄ የግቢ ሕግ ነው። ፋሎ ግን እንደ ሌላው ተገንጥሎ አይተከልም። ሙሴ ይህን ሲል ቋጣሪ ተባለ። ብዙዎቹ ተቀይመው ዝም አሉ። እማማ ዝም አላለችም፤ ባለፈው ከመንገድ ጠራችው።

«አንተ፣ እንዲያው አንድ ሰው ቅጠሉን ብቻ ቢተክለው፣ ለማበብ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

የፋሎ ቅጠል ብቻውን እንደማይበቅል ሙሴ ያውቃል። አምስት የነበረው የፋሎ ቅጠል አራት መሆኑንም ያውቃል። እማማ መስኮት ላይ ያለችውን የኒዶ ቆርቆሮም አይቷታል።

«ሰውየው ውሃ ካበዛለት ቶሎ ነው» አላት።

«የቧንቧ ነው ሃይላንድ?»

«ሃይላንድ» አለ ሙሴ። «ትልቁን ጠርሙስ።»