ነሐሴ 36

«አንዴ ብቅ በልማ፤ ትንሽ ነገር ናት» የሚል ስልክ ከተደወለልኝ ያን ቀን ምሳ እንደማልበላ አውቃለሁ። ትልቅ ነገር ሲሆን ኮሚቴ ይቋቋማል፤ አበልም አለው። እኔ ጋ የሚመጣው ትንሹ ነው።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆየን። የቅጥር ደብዳቤዬ «የሶፍትዌር ባለሙያ» ይላል፤ ኮሪደር ላይ ግን ስሜ «አይቲው» ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ አይቲው ይጠራል። ሶኬቱ ያልተሰካ ፕሮጀክተር «ተቃጠለ» ሲባል አይቲው ይጠራል። በቀደም ዕለት የግዥ ክፍሏ እትዬ የልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ ከስልካቸው ጠፍቶ «ከኢንተርኔት ላይ አውጣልኝ» አሉኝ። «ኢንተርኔት ላይ ጭነውት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔማ ምኑን አውቄ! አንተ ግን ታውቅበት የለ?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው።

እኛ ቤት የሥራ ክብደት የሚለካው በትንፋሽ ነው። በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ካለቀ፣ ለነገ ጠዋት ይደርሳል።

ለምሳሌ «ፈልግ የምትል ነገር ትኑርበት፤ ስም ሲጻፍ ፋይሉ ዱብ ይበል» ተባልኩ። ግማሽ ትንፋሽ። ሠራሁት። በማግሥቱ ዓለምፀሐይ የሚባሉ ባለጉዳይ መጡ፣ ስማቸው ተጻፈ፣ ሲስተሙ «አልተገኘም» አለ። ኃላፊያችን ተጠርተው መጡ። አንዴ መስኮቱ ጋ የቆሙትን ሴትዮ፣ አንዴ ስክሪኑን አዩና «እኚህን የሚያካክሉ ሰው ነው አልተገኙም የሚለው?» አሉኝ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። የመጀመሪያዋ ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ልትሆን ትችላለች። ቀጥሎ ፀ ወይ ጸ አለ። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። አራት በሁለት በስድስት፣ 48። «ዓለም» እና «ፀሐይ» መካከል ክፍተት የሚተው ጸሐፊ ከመጣ 96። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጡበት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሲገባም እያንዳንዷ ሀ የየራሷን ቁጥር ይዛ ነው የገባችው። ለእኛ ጆሮ አንዲት ሴት ናቸው፤ ለማሽኑ ግን 96 ሴቶች ተሰልፈዋል። የሴትዮዋ መታወቂያ በጸሎቱ ጸ፣ ማመልከቻቸው በፀሐዩ ፀ፣ እኛ ቤት ያለው ፋይላቸው ደግሞ ጸሐፊው ባሰኘው።

«ታዲያ ትክክለኛውን ንገረዋ!» አሉ ኃላፊው።

«የትኛው ነው ትክክለኛው?» አልኩ። እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሰባት ሰው ሰባት ዓይነት ጻፈ። በመጨረሻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ለፍለጋ ብቻ አንድ ላድርጋቸው ስል፣ ቅኔ ቤት ያለፉት የመዝገብ ቤቱ አባባ ብድግ አሉ። «ሠዐለና ሰአለ አንድ ናቸው ልትለኝ ነው? አንዱ ይሥላል፤ አንዱ ይለምናል!» እኔ በዚያ ሰዓት ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ። አባባን «ፍለጋው ላይ ብቻ ነው፤ ጽሑፉን አልነካም» ብዬ ለምኜ አስፈቀድኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ኃላፊው አንዴ ጻፉ፣ ፋይሉ ዱብ አለ። «እንዲህ ቀላል ከነበረ ምን ያስቆይሃል?» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ግን ጳጉሜን ከሲስተሙ ከማጥፋቴ በፊት ነው።

ጥቅምት 2015 ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ስክሪን ላይ ወጥቷል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ መስከረም በተርታ ቆመዋል። ሦስቱ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዋል፤ ጳጉሜ በመካከላቸው በአምስት ቀኗ እንደ ጉቶ ተቀምጣለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ ኃላፊው።

«ጳጉሜ ናት።»

«አፈጻጸማችን የወደቀ ታስመስላለች። አስወግዳት።»

«አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች እኮ ነው...»

«አምስት ቀን ከሆነችማ ምን ትሠራለች? ደመወዝ እንኳ አይከፈልባት።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ያላት አገር ደመወዝ የምትከፍለው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ፋይናንሶች ከእኔ በፊት አስወግደዋታል። ከግራፉ ላይ ብቻ ልደብቃት ብዬ ተለማመጥኩ። «አይሆንም፤ ነገ ሌላ ሪፖርት ላይ ብቅ ትላለች። ከሥሯ ንቀላት። ትንሽ ነገር ናት» አሉ። የሰው ሀብት ክፍል «ለሰዓት ፊርማ ትኑር፣ ለደመወዝ አትኑር» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፋይናንስ ደገፈ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ አስተያየቴ «ባለሙያው አብራርቷል» ተብሎ ሰፈረ።

ቀን ግን ተነቅሎ የሚጣልበት ቦታ የለውም። አንድ ወር ጭራ ላይ መቀጠል ነበረብኝ፤ ቅርብ የነበረው ነሐሴ ነው። የዚያ ሩብ ዓመት ግራፍ ሦስት ባሕር ዛፍ ሆኖ አረፈ፤ ነሐሴ እንዲያውም ከፍ ብሎ ስለታየ የዕቅድ ክፍሉ «አበረታች» ብሎ ጻፈለት።

2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስተኛ ቀን ይዛ መጣች። ሰኞ፣ ጳጉሜ 6፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ግማሹ ሠራተኛ ዶሮ ተራ ነው፤ ግማሹ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሰዓት ያያል። ስልኬ ጮኸ።

«ዛሬውኑ መውጣት ያለበት ደብዳቤ አለ፤ ሲስተምህ አብዷል» አሉ ኃላፊው።

«ቀኑን ምን ይላል?»

«ነሐሴ 36!»

«ትክክል ነው።»

«ነሐሴ ሠላሳ ስድስት የሚባል ቀን አለ እንዴ?»

«ቃለ ጉባኤ አለው።»

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። የሚተነፍሱት ይሰማኛል።

«በል ጳጉሜን መልሳት።»

«ለመቼ?»

«አሁን ነዋ! ትንሽ ነገር ናት፤ ራስህ አይደለህ እንዴ ያወጣሃት?»

አልደረሰችም። በዚያ ላይ የስድስት ቀን ሥራ ነሐሴ ጭራ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱን ሳልፈታ አንዷን ብመዝ ሌላው ይናዳል። ባለጉዳዩ የአዲስ አበባ ሰው አይደለም፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ሆነ። ደብዳቤው ነሐሴ 36 ቀን 2015 ዓ.ም. እንዳለ ታተመ፣ ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈረሙ፣ ክብ ማኅተም አረፈበት፣ ሄደ። እኔ በዓሉን ዶሮው ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ ነው ያሳለፍኩት። ጋዜጣ ላይ የምንወጣ መስሎኝ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ይዞ ተመለሰ። እዚያኛው መሥሪያ ቤት አልተቀበሉትም። ኃላፊው ጠሩኝ፤ ሁለታችንም ወረቀቱ ላይ አጎነበስን። ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦

«ቲተር ስለሌለው ተመላሽ ተደርጓል።»