ጉባኤ የጠራው ፖፕ እና የልጅ ልጆቹ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የኛ አገር ብቻ ይመስለናል። የአውሮፓን የህዳሴ ዘመን ፖፖች ላየ ግን ሮም ውስጥ የተተረተ ነው የሚመስለው።

የዚያ ዘመን ሙስና ሲነሳ ሁሉም ቦርጂያዎችን ይጠራል። ከዚያ ቤተሰብ የወጣው ፖፕ አሌክሳንደር 6ኛ ልጁን ቼዛሬን ገና በ18 ዓመቱ ካርዲናል አደረገው፤ ደምና ሴራ ስላለበት ይወራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ፖፕ ጳውሎስ 3ኛ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ መታመሟን አሳምሮ ያውቅ ነበራ!

እ.ኤ.አ. በ1534 ሲመረጥ 66 ዓመቱ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለት የልጅ ልጆቹን ካርዲናል አደረገ፤ አንዱ 14፣ ሌላው 16 ዓመታቸው። ልጆች! ከዚያ በ1536 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ የት ጋ እንደተበላሸች የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። ሰዎቹም አላፈሩም። የሹመቱ ሁሉ ባለቤት ፖፑ ነው፣ ባለቤት ደግሞ የራሱን ቢሸጥ ጥፋት የለበትም እያሉ ጆሮውን የሚሞሉ አጎብዳጆች የችግሩ ምንጭ መሆናቸውን በ1537 ጽፈው ፊቱ አስቀመጡለት።

አነበበው፤ ሰማው። ታዲያ በ1545 ምን አደረገ? ከቤተ ክርስቲያኒቱ ግዛት የፓርማንና የፒያቼንዛን ከተሞች ቆርሶ ለልጁ ለፒየር ሉዊጂ ሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታላቁን የትሬንት የተሐድሶ ጉባኤ አስከፈተ። ሁለቱን በአንድ ዓመት!

ነገሩ የአንድ ሰው ስግብግብነት ብቻ አይመስለኝም። ዙፋኑ አይወረስም፤ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ ቤት ለትውልድ የሚሆነውን ሀብት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካልያዘ አበቃለት። የሚጠይቅ የለም፤ የሚሾመውም የሚሽረውም ፖፑ ራሱ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ደግ ሰው ብታስቀምጡም ዘመዶቹ ያሸንፉታል።

ጳውሎስ ደግሞም ደግነት ነበረው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ የነበሩት የኛው አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግዕዙን አዲስ ኪዳን ሮም ላይ ማሳተም ሲጀምሩ የረዳቸው እሱ ነው። ይህን ውለታ አልክድም። ግን ውለታው ለልጁ የሰጠውን ከተማ ለባለቤቱ አይመልስም።

ፒየር ሉዊጂን በ1547 የፒያቼንዛ መኳንንት ገደሉት። ሽማግሌው ፓርማን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልመልስ ሲል የተነሱበት የገዛ የልጅ ልጆቹ ናቸው፤ በ14 ዓመቱ ካርዲናል ያደረገውም ጭምር። በ1549፣ በ81 ዓመቱ፣ ከእነሱ ጋር እንደተጣላ ታመመና ሞተ። ፓርማ ግን እስከ 1731 ድረስ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣችም።