ማስተካከያ፦ የብየዳ ጠረጴዛው ገጽ ውፍረትና እግሮቹ

ለቤት ወርክሾፕ የሚሆን የብየዳ ጠረጴዛ አሠራር ቀደም ሲል ሲወጣ፣ ገጹ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ እግሮቹ ደግሞ ከጋልቫናይዝድ (ዚንክ ከተለበጠ) የውኃ ቧንቧ ይሠሩ የሚል ነበር። ሁለቱም በሚከተለው ይተኩ።

ገጹ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አቅም ካጠረም ከ6 አይውረድ። ስስ ላሜራ ሙቀት ሲደጋገምበት ይጣመማል፤ በተጣመመ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ያለ በር መሥራት ደግሞ ዘበት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ላሜራው መጉበጥን የሚቋቋምበት አቅም 8 እጥፍ ይሆናል። ጣጣው ክብደቱ ነው፦ 120 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ በ3 ሚሊ ሜትር 23 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ግን 75 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ብቻዎን አያንሱት።

እግሮቹ ከጥቁር ቱቦላሬ፣ ማለትም ዚንክ ካልተለበጠ የብረት ቱቦ ይሁኑ። ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበየድ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የማገው ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ወተት ጠጣበት የሚለው የበያጆች ምክር ከዚህ አያድንም። ያለዎት ቧንቧው ብቻ ከሆነ፣ የመተንፈሻ ማስክ አድርገው የሚበየደውን ጫፍ ዚንኩ እስኪለቅ በግራይንደር ይፋቁትና ደጅ ይበይዱት።

ገጹ ከፍሬሙ ጋር ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይበየድ የሚለውም ይሰረዝ። ሙቀቱ አንድ ቦታ ተከማችቶ ገጹን እንዳያጣምመው፣ አጫጭር ብየዳ እያራራቁ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እየተሻገሩ ይሥሩ።

የጠረጴዛው ቁመት አልተለወጠም።